የመጀመሪያ መኪናችሁን ዛሬ ብትነዷት…

በዚህ ገጽ ላይ ስለ መጀመሪያ ፍቅር ያልተባለ ነገር የለም። ከስንት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ተገናኝተው ልባቸው ስለዘለለ፣ ቡና ተገባብዘው ደግሞ “ለካ ይሄ ነበር?” ብለው ስለተለያዩ ሰዎች ብዙ አውግተናል። ዛሬ ለለውጥ ያህል ስለ መጀመሪያ መኪና እናውራ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ድሮ የነዳችኋትን፣ ሸጣችሁም የተሰናበታችኋትን የመጀመሪያ መኪናችሁን ቁልፍ አንድ ሰው ዛሬ እጃችሁ ላይ ቢያስቀምጥ ምን ታደርጋላችሁ? “እኔ ገና የመጀመሪያዬንም አልገዛሁ!” የምትሉ ወጣቶች ገጹን አትግለጡት። ነገሩ ከማንም በላይ የሚመለከተው እናንተን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። የምትሠራው እዚሁ ጎንደር ውስጥ ነው። የማታ ተራ ሲደርሳት ሥራዋ የሚያልቀው ከተማው ጭር ካለ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ማግኘት ዘበት ነው፤ ቢገኝም በዛሬ ጊዜ የማያውቁት ሰው ባጃጅ ውስጥ ዘው አይባልም። እናቷ ልጅቷ በር እስክታንኳኳ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አይወስዳትም። እናም ልጅት አምስት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ እየቆነጠረች አጠራቀመች። ሐሳቧ መኪና መግዛት ነው።

ግን መኪና በምን ይቀመሳል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ወርቅ ሆነ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ የአንዲት ያገለገለች ቪትዝ ዋጋ ጠይቃ ስትሰማ ዝም ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ደላላ “በግማሽ ዋጋ የምትገኝ ጠንካራ ቮልስ አለች” አላት። ወዲያው ደወለችልኝ።

“እትዬ፣ አንቺ ድሮ ቮልስ ነበረሽ አይደል? ነይና እይልኝ።”

ሄድኩ። መኪናዋ አንድ ጡረታ የወጣ ሰው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቀለሟ ተቀይሯል፤ የኔዋ ሰማያዊ ነበረች፣ ይቺ ክሬም ናት። ግን በቀኙ በር ሥር ያለውን የብየዳ ጠባሳ ሳይ እግሬ ቀጥ አለ። ቤት ገብቼ ድሮ የሸጥኩበትን ውል ከሳጥን አወጣሁና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው! በ1986 ዓ.ም. የገዛኋት፣ በ1991 ዓ.ም. ቤት ስንጀምር የሸጥኳት የራሴ ቮልስ ናት። በፈረንጆቹ 1966 የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር።

ባለቤቱ ታሪኩን ሲሰሙ ቁልፉን ዘረጉልኝ። “እንግዲህ የልጅነት ዘመድሽ ናት፣ ውሰጃት፤ ፈትነሻት ትመለሻለሽ” አሉኝ።

ቮልስን ማን ያማታል?

ለልጆቹ ትንሽ ላስረዳ። ቮልስ፣ እናንተ በፊልም የምታዩዋት ባለ ጉብታዋ ጥንዚዛ መኪና፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት። ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። በኛ አገር ታሪክም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አውርዶ ከቤተ መንግሥት ያስወጣቸው በቮልስ ነው። በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩ ንጉሥ በቮልስ የኋላ ወንበር!

ጎንደር ደግሞ የመኪና ቋንቋ የገባት ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የአስተዳደር ማዕከል አድርጓት ስለነበር ፒያሳውንም ጋራዡንም ትቶላት ሄዷል። ጦሩ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ ቃላቱ ግን አልሄዱም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ… ዛሬም መካኒክ ጋ ስትሄዱ የምትሰሙት እሱኑ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድም በዚያው በጣሊያን ዘመን የተቆረጠ ነው።

ቁልፉ ሲዞር

በሩን ዘጋሁ፤ አልዘጋ አለኝ። ወዲያው ትዝ አለኝ። የቮልስ በር ጥብቅ ስለሆነ መስኮቱን በትንሹ ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል፣ ያለዚያ የውስጡ አየር ይገፋዋል። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ፣ በሩ “ጠቅ” አለ። እጄ የማያስታውሰው ነገር አልነበረም። ፔዳሎቹ ከወለሉ የበቀሉ ናቸው። መሪው ቀጭን ነው። ሽታው ያው የቤንዚን፣ የጎማ ምንጣፍና የአሮጌ ወንበር ሽታ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ “ቀበቶው የታለ?” አለችኝ። ቀበቶ የለም። ስትሠራም አልነበረም።

ሞተሩ ሲነሣ ያ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ ድምፅ ከኋላችን መጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ ውኃ አዘለ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር ይቺን መኪና ስገዛ። ያኔ ጎንደር ውስጥ መኪና የምትነዳ ሴት በጣት የምትቆጠር ነበረች። ልጆች “ሴት ነጂ! ሴት ነጂ!” እያሉ ከኋላ ይሮጡ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር አስቁሞ መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ፣ አገላብጦ “በርቺ” ብሎ ሰድዶኛል። ስለዚህ ነው የመጀመሪያ መኪና ብረት ብቻ አይደለም የምንለው።

ከፒያሳ ወደ አራዳ ገበያ ስንደርስ ግን ዕንባው ደረቀ። ድሮ በዚህ መንገድ ላይ የምፈራው አህያ ነበር። ዛሬ ባጃጁ በቀኝ ይገባል፣ በግራ ይወጣል፤ ከኋላ ሚኒባስ ይጮሃል። የኔዋ ቮልስ የቀኝ ስፖኪዮ የላትም። መሪዋ ያለ ኃይል እገዛ በክንድ የሚዞር ነው። ፍሬን ስትረግጪ ደግሞ ዘመናዊ መኪና እንደለመደ ሰው ጣል አድርገሽ አይሆንም፤ አጥብቀሽ መርገጥ አለብሽ። ሁለት ባጃጅ ለጥቂት ተረፈልኝ። የእህቴ ልጅ ዳሽቦርዱን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች።

ቤንዚን ለመቅዳት ወረፋ ያዝን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው። ቀጂው ልጅ ስልኩን እየነካካ “እማማ፣ ታንከሯ የት ነው?” አለኝ። ከፊት ኮፈኑን ከፍቼ ሳሳየው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ልብ በሉ፤ በቮልስ ቤንዚኑ ያለው ከነጂው ጉልበት ፊት ለፊት ነው። የፊት ግጭት ቢደርስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሽቅብ ወደ ወገራ

ዛሬ ከከተማ የሚወጣው እንደ ድሮው አይደለም፤ ደውሎ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ ነው። ደወልን፣ ሰላም ነው ተባልን፣ በጠዋት ወጣን። ሐሳባችን ኮሶዬን አልፈን አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን ለመመለስ ነው። ድሮ ጠጠርና አቧራ የነበረው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው።

ቮልሷ በሦስተኛ ማርሽ ትንሽ ሄደችና ደከማት። ወደ ሁለተኛ አወረድኳት። ምክንያቱ እርጅና ብቻ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወገራ ስትወጡ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋላችሁ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ አስሉ። ይቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ወገራ ላይ 30 እንኳ አይሞላም። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቀዋል። ጥቁር ጭስ የሚወጣውና ነዳጅ የሚበላው ለዚህ ነው። ዘመናዊው መኪና ይህን በኮምፒዩተር ያስተካክላል። የኤሌክትሪኩማ ከነጭራሹ አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም።

አንድ ነገር ግን ላድላላት። ዳገቱ መሐል አንድ ሚኒባስ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት እየለቀቀ ቆሟል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የራዲያተሩ ክዳን የላላበት መኪና ቶሎ ይሸነፋል። ቮልሷ ግን ምን ውኃ አላትና ይፈላል? እንደ ኤሊ እየተጎተተች አለፈችው። የእህቴ ልጅ እየሳቀች እጇን አወዛወዘችላቸው።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ የ1988ቷን ሌሊት ነገርኳት። እዚሁ ዘመድ ጥየቃ መጥቼ አድሬ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ጎረቤት ያለች ሴት ምጥ ጠናባት። ሌላ መኪና አልነበረም። ከኋላ ወንበር አስተኛናትና ወደ ጎንደር ወረድን። ያኔ የቮልሷ መብራት በ6 ቮልት የሚሠራ ነበር፤ ከኩራዝ አይሻልም። ባሏ በመስኮት ወጥቶ በባትሪ መንገዱን እያበራልኝ፣ ያንን ሁሉ ጠጠር በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ልጁ ሐኪም ቤት በሰላም ተወለደ። ዛሬ ጎልማሳ ነው።

ቁልቁል ሲመጣ

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። የቮልሷ መጥረጊያ እንደ እብድ መማታት ጀመረ። ባለቤቷ መብራቱን ለማጠናከር ወደ 12 ቮልት ቀይረዋታል፣ የመጥረጊያውን ሞተር ግን አልቀየሩትም። ለ6 ቮልት የተሠራ ሞተር በ12 ሲሠራ እንደ ሰከረ ሰው ይሮጣል፣ ኋላ ይቃጠላል። ተቃጠለ። ኮሶዬን ሳናልፍ መስታወቱ ጨለመ። ጥግ ይዘን ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን።

ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሲኖትራክ ከኋላችን መጣ። ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ከቅድሙ ዝቅ ብሎ ያዘ። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዛት አድርጌ፣ ፔዳሉን ደጋግሜ እየረገጥኩ አወረድኳት። ማንም አልተጎዳም። ግን የ1966ቷ ቮልስ የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ መሆኑን የእህቴ ልጅ ማወቅ ነበረባት። የዛሬ መኪኖች ሁለት መስመር አላቸው፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ያቆማል። በቮልሷ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል፤ ያለሽ የእጅ ፍሬንና ማርሽ ብቻ ነው።

በማግስቱ መካኒክ አሳየናት። የፊት ጎማ ፍሬን ዘይት ያፈስሳል። የኋላ ወንበሩ ሲነሣ ከባትሪው ሥር ያለው ወለል በዝገት ተበልቷል፤ በቀዳዳው መሬት ይታያል። ሞተሩ ግን ደህና ነው። “ትሠራለች፣ ግን ገንዘብ ትጠጣለች” አለን።

ክርክሩ

እውነት ለመናገር የእህቴ ልጅ ተቆጣችኝ። “አንቺ በ6 ቮልት ወላድ አውርደሻል፣ ለኔ ሲሆን አደጋ ነው?” አለችኝ። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። የመለስኩላት ይህን ነው፦ “ያን ሌሊት ሌላ ምርጫ አልነበረም። መንገዱም ባዶ ነበር፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር እስክንገባ ያገኘነው አንድ ጅብ ብቻ ነው። አንቺ የምትነጂው ከሲኖትራክ ጋር ነው፣ ያውም ደክሞሽ፣ ያውም ማታ። መኪና የምትፈልጊው በሰላም ቤት ለመግባት አይደለም እንዴ? ታዲያ ከባጃጁ ሸሽተሽ ፍሬን በሌለው መኪና ልትገቢ ነው?”

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ወረቀት ይዛ መጣች። የፍሬኑን፣ የወለሉን፣ የቀበቶውን፣ የመብራቱን ወጪ ደምራ ከቮልሷ ዋጋ ላይ ጨምራዋለች። ያጠራቀመችው አልበቃም። ቮልሷን ተወቻት። ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ሆነው የሚያውቁትን አንድ የሚኒባስ ሹፌር ለማታ ተራቸው በወር ኮንትራት ያዙ። ገንዘቧ ባንክ ነው፤ ማጠራቀሙን አላቆመችም።

ባለቤቴ ደግሞ “አንቺ ግዢያትና ግቢ ውስጥ ትቁም” አለኝ። አንድ ሌሊት ሳልተኛ አሰብኩበት። ግን የቆመ መኪና ይበሰብሳል፤ የእኛ ግቢ ደግሞ ጣሪያ የለውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አሮጌ ቮልስ የሚያድስ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ በጭነት መኪና ወሰዳት። የሻንሲ ቁጥሯን የያዘውን ውሌን ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት።

ለናንተ የምመክረው

አሮጌ መኪና የመጀመሪያችሁ ልታደርጉ ካሰባችሁ ይህን ቆርጣችሁ አስቀምጡ፦

1. ከሁሉ በፊት ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር አስተያዩ። ዕዳና እግድ እንደሌለበት በመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። የደላላ መሐላ ማስረጃ አይደለም።

2. ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሡት። ሻጩ “አሙቄ ልጠብቃችሁ” ካለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ ደጋ ላይ ካርቡራተሩን ማስተካከል ብቻ ሊበቃው ይችላል።

3. መኪናው ቆሞ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ እስከ 60 ቁጠሩ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከወረደ ዘይቱ የሚያመልጥበት ቦታ አለ።

4. ምንጣፉንና የኋላውን ወንበር አንሡ። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል፣ ወለል ግን አይዋሽም።

5. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ በማታ፣ ከተቻለም አንድ ጊዜ በዝናብ ንዱት። በፀሐይ ሁሉም መኪና ደህና ነው።

6. ቁልቁለት ስትወርዱ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ላይ ብቻ ከተንጠለጠላችሁ ይሞቅና እምቢ ይላችኋል። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ቁልቁለቱ ፍጥነታችሁን ይዞ ባትሪውን መልሶ ይሞላላችኋል። ግን ከመውጣታችሁ በፊት መብራት መኖሩንና የምትሞሉበትን ቦታ አረጋግጡ።

7. የመኪናው ዋጋ ሻጩ የነገራችሁ ብቻ አይደለም። መካኒኩ የሚጠይቃችሁን ደምሩበትና ከዚያ ወስኑ። የእህቴ ልጅ ወረቀት ለኔ ከሰጠኋት ምክር ሁሉ የተሻለ ነበር።

የመጀመሪያ መኪናችሁን እንደገና የማግኘት ዕድል የገጠማችሁ ታላላቆች ደግሞ አትለፉት፤ አንዴ ንዷት። እጃችሁ ስንት ነገር እንደሚያስታውስ ትገረማላችሁ። አጠገባችሁ ግን አንድ ወጣት አስቀምጡ። እናንተ ትዝታ በምታዩበት በኩል እሱ የጎደለውን ቀበቶ ያይላችኋል።

የመጀመሪያ መኪናችሁ ምን ነበረች? ዛሬስ የት ናት? ጻፉልን፣ ከሚደርሱን መካከል የተመረጡትን እናወጣለን። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!